ስለ ፍልፈል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከጓሮ ድንች እስከ ሳነቴ ሜዳ

ጠዋት ተነስቶ ድንቹ መሀል ትኩስ የአፈር ቁልል ያየ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይህን ነገር በምን ላጥፋው?» ባሌን ጎብኝቶ የመጣ ደግሞ «ያ ከጉድጓድ ብቅ ብሎ ወዲያው የሚጠልቀው ምንድነው?» ይላል። ሁለቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ወገን እንስሳ ነው፤ ስለዚህ መልሱንም አንድ ላይ አድርገነዋል።

ፍልፈል የአይጥ ዘር ነው?

አዎ። ደጋው ላይ የምናውቀው ፍልፈል የአይጥ ወገን ነው። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ ዕድሜ ልካቸውን ማደግ የማያቆሙ የፊት ጥርሶች አሉት። በሳይንስ ስሙ ታኪዮሪክተስ ይባላል፤ የሚኖረውም ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ብቻ ነው። ዘመዶቹን ፍለጋ ከወጣን ግን ሩቅ እንሄዳለን፦ ቀርከሃ ሥር የሚኖሩት የእስያ ትልልቅ አይጦችና የመካከለኛው ምሥራቅ ዕውር ፍልፈሎች ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው?

አይደለም፤ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይበቃል። አንደኛው በየደጋው እርሻና ግጦሽ የሚገኘው ተራው ፍልፈል ነው። ክብደቱ ከሩብ ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ቀለሙ ከቀላ ያለ ቡናማ እስከ ጥቁር ይለያያል። ይህ ዝርያ እስከ ታንዛኒያ ድረስ አለ፤ አንድ ዝርያ ነው ወይስ ብዙ የሚለው የባለሙያዎች ክርክር ግን ገና አላለቀም።

ሁለተኛው የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ነው። አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ከ3,000 እስከ 4,150 ሜትር ከፍታ ባለው ውርጭማ አገር ይኖራል፤ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሦስተኛው በምሥራቁ ቆላ፣ በሐረርጌና በሶማሌ ምድር የሚገኘው ራቁቱ ፍልፈል ነው። እሱ ከሁለቱ ጋር የሥጋ ዝምድናው የራቀ፣ ጠባዩም ጨርሶ የተለየ ስለሆነ ወደታች ለብቻው እንመጣበታለን።

የሚገርመው፣ ለሦስቱም ሳይንሳዊ ስም ያወጣላቸው አንድ ሰው ነው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን ዞሮ፣ ተራውን ፍልፈል በ1835፣ ግዙፉንና ራቁቱን በ1842 (በፈረንጆች አቆጣጠር) አስመዝግቧል። የተራው ፍልፈል ናሙና የተገኘው ከደምቢያ ነበር።

ዓይን የለውም ይባላል፤ እውነት ነው?

ለእኛዎቹ እውነት አይደለም። ተራው ፍልፈል ትንንሽ ግን የሚያዩ ዓይኖች አሉት፤ ጠጉሩ ውስጥ ስለሚደበቁ ነው ዕውር የሚመስለው። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ዓይኖችማ ወደ አናቱ ወጣ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ አንገቱን ሳያወጣ ዙሪያውን ይቃኛል። ለምን እንደሚያስፈልገው ከታች ታዩታላችሁ።

ጨርሶ የማያየው የእስራኤልና የአካባቢው ዕውር ፍልፈል ነው። ዓይኑ በቆዳ ተሸፍኗል። ያም ሆኖ የተሸፈነው ዓይን ብርሃንን ከጨለማ ይለያል፤ ቀኑ ሲረዝምና ሲያጥር ሰውነቱ ወቅቱን የሚያውቀው በዚያ ነው።

በምንድነው የሚቆፍረው?

በጥርሱ። ብዙ ሰው በጥፍሩ ይመስለዋል፤ እግሩን ብታዩት ግን ለዚያ የሚሆን አይደለም፣ አጭርና ቀጭን ነው። አፈሩን የሚሸረሽረው በፊት ጥርሶቹ ነው። ከንፈሩ ከጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጥም ጥርሱ ውጭ እየሠራ አፉ እንደተዘጋ ይቆያል፣ አፈርም አይውጥም። የሞተ ፍልፈል አግኝታችሁ አፉን ብታዩ ይህ በደንብ ይታያል፦ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ጥርሶች ከተዘጋ ከንፈር ፊት ወጥተው።

የተሸረሸረው አፈር ከሆዱ ሥር ሲጠራቀም በኋላ እግሩ ወደኋላ ይረግጠዋል። ከዚያ በጠባቡ ቦይ ውስጥ ተጣጥፎ ይዞርና ክምሩን በጉንጩና በፊት እግሩ እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል። ጠዋት የምታዩት ቁልል ይኸው ነው። ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲርስ ሥራው ስለሚቀለው፣ ቁልሉ የሚበዛው ከዝናብ በኋላ ነው። «ትናንት አልነበረም፣ ዛሬ ሰባት ሆነ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሰባቱም የአንድ ፍልፈል ሥራ ሊሆን ይችላል።

ምግብ የሚፈልግበት ቦይ ጥልቀት የለውም፣ የተክል ሥር ባለበት ልክ ነው የሚሄደው። መኝታው ግን ጠለቅ ይላል፤ በደረቀ ሳር የተነጠፈ ሲሆን የምግብ ክምችቱም እዚያው አጠገብ ነው።

ከሌላ ፍልፈል ጋር ይኖራል?

የደጋው ፍልፈል ጠበኛ ነው። ለአንድ ቦይ አንድ ፍልፈል፣ አለቀ። ሁለቱ የሚገናኙት ለመራባት ብቻ ነው፣ እናት ደግሞ ልጆቿ እስኪጠነክሩ አብራቸው ትቆያለች። በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ወይም ሁለት፣ አልፎ አልፎ ከዚያ በላይ ነው፤ ከአይጥ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት። ታንዛኒያ ውስጥ ያለው ዘመዱ ጭንቅላቱን ከቦይው ጣሪያ ጋር እየመታ፣ በመሬት ንዝረት ለጎረቤቶቹ መልእክት እንደሚያስተላልፍ ታውቋል።

የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ለምን ይወራለታል?

ምክንያቱም እሱ ባይኖር የባሌ ቀይ ቀበሮ በዚህ ቁጥር አይኖርም ነበር። ይህን ገጽ የምታነቡ ሁሉ ሌላውን ረስታችሁ ይቺን ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው ፍልፈል ቦይው ውስጥ ሆኖ ሥር ይበላል፣ እምብዛም አይወጣም። ግዙፉ ግን የሚበላው በአብዛኛው ከመሬት በላይ ያለውን ቅጠልና ሳር ነው፤ ለዚያ መውጣት አለበት። አወጣጡ የፈሪ ነው። መጀመሪያ የቦይውን አፍ የደፈነውን አፈር ከውስጥ ይገፋዋል። አናቱ ብቻ ብቅ ይልና ዓይኖቹ ዙሪያውን ያያሉ። ምንም ከሌለ ወገቡ ድረስ ይወጣል፣ አፉ የደረሰበትን ቅጠል ፈጥኖ ይነጫል፣ አፉ ሲሞላ ሳይዞር ወደኋላ ይሰምጣል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ብቅ ይላል። ኋላ እግሩ ከጉድጓዱ አፍ ብዙም አይለይም። ዙሪያው ያለው ቅጠል ሲያልቅ ቀዳዳውን ደፍኖ ሌላ ይከፍታል፤ ለዚህ ነው ሳነቴ በሚባለው የባሌ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የተጋጠ መሬት የምታዩት።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው በቀን ነው። ሌሊት ላይ ሜዳው በውርጭ ስለሚመታ ሞቅ ያለ ጎጆው ውስጥ ያድራል። ቀይ ቀበሮውም እንደ ሌሎች ቀበሮዎች ሌሊት አያድንም፤ ጠረጴዛው የሚቀርብለት ቀን ስለሆነ በቀን ይሠራል።

ቀበሮው እንዴት ነው የሚይዘው?

በትዕግሥት። ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ቀስ እያለ ይጠጋል፣ ፍልፈሉ ሲሰምጥ ይራመዳል፣ ብቅ ሲል ይቆማል። አንዳንዴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ በእግሩ ይቆፍራል። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ከሚበላው ከ90 በመቶ በላይ የአይጥ ወገን ነው፣ በሥጋ መጠን ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ግዙፉ ፍልፈል ነው። አንዱን ከያዘ የብዙ አይጥ ድካም ይቀርለታል።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ሰሜን ተራሮችም መንዝም ቀይ ቀበሮ አለ፤ ግዙፉ ፍልፈል ግን የለም፣ እዚያ ያሉት በትንንሽ አይጦች ነው የሚኖሩት።

አጠገቡ ሁልጊዜ የምትታየዋ ወፍስ?

አነስተኛ፣ ቡናማና ያን ያህል የማታምር ወፍ ናት፤ የደጋ ሜዳ ወፍ። ፍልፈሉ አፈር ሲገለብጥ የሚወጡትን ትላትሎች ትለቅማለች። ቀበሮ ወይም ጭልፊት ስታይ ትጮኻለች፣ ፍልፈሉም ጩኸቷን ሰምቶ ይሰምጣል። ፍልፈሉ መሬቱን ያርስላታል፣ እሷ ዘብ ትቆምለታለች፤ ደመወዝ ያልተነጋገሩበት ሥራ ነው።

ሰው ፍልፈል በልቶ ያውቃል?

ዛሬ በእኛ አገር በአብዛኛው በልማድም በሃይማኖትም የሚበላ አይደለም። ጥንት ግን ተበልቷል፣ ያውም በብዛት። ባሌ ተራሮች ላይ 3,469 ሜትር ከፍታ ያለው ፊንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ ጥላ አለ። ተመራማሪዎች ቆፍረው በ2019 (በፈረንጆች) ባሳተሙት ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩበት እንደነበር አሳይተዋል። ያኔ የባሌ ራስ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። በምድጃው ዙሪያ በብዛት የተገኘው የግዙፉ ፍልፈል የተቃጠለ አጥንት ነው፦ እየጠበሱ በልተውታል። ሰዎች ያን የመሰለ ብርድ ችለው ከፍታው ላይ የቆዩት ለአደን ቀላል የሆነ ሥጋ ከእግራቸው ሥር ስለነበረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ከፍታ ላይ ሰው እንደኖረ የሚያሳይ፣ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው።

ራቁቱ ፍልፈል ንግሥት አለችው የሚባለው ምን ማለት ነው?

ቃል በቃል ንግሥት ናት። የሚኖሩት በመንጋ ነው፤ በአማካይ 70 ወይም 80፣ አንዳንዴ እስከ 300 ይደርሳሉ። ከነዚህ ሁሉ የምትወልደው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ከእሷ ጋር የሚራቡትም ከአንድ እስከ ሦስት ወንዶች ናቸው። ሌሎቹ ይቆፍራሉ፣ ግልገል ይጠብቃሉ፣ እባብ ሲመጣ ይጋፈጣሉ። ንግሥቲቱ ስትሞት ሴቶቹ ለቦታው ይጣላሉ፤ ጠቡም እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው አኗኗር የንብና የጉንዳን እንጂ የአጥቢ አልነበረም፤ ጄኒፈር ጃርቪስ የተባለች ተመራማሪ በ1981 ስታሳውቅ ብዙ ሰው የተደነቀው ለዚህ ነው።

ቆዳው የተሸበሸበና ጠጉር አልባ፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ግራም ገደማ ነው። መልኩን ለማየት ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን ላቦራቶሪዎች የሚፈልጉት እንደሱ ያለ እንስሳ የለም። ተራ አይጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲኖር እሱ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። ካንሰር እምብዛም አይይዘውም። ኦክስጅን በሌለበት አየር ውስጥ 18 ደቂቃ ቆይቶ እንደሚያገግም በ2017 ታይቷል፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ በግሉኮስ ፈንታ በፍሩክቶስ ይነዳል። የአሲድ ማቃጠልም አይሰማውም።

አመጋገቡም ብልህ ነው። እሱ ባለበት ደረቅ አገር ብዙ ኪሎ የሚመዝኑ የዱር ሥሮች አሉ። መንጋው አንዱን ሲያገኝ ሆዱን ብቻ እየበላ ቅርፊቱን ይተዋል፣ ሥሩም ያገግማል፣ ለዓመታት ይመገቡታል።

ፍልፈል ጓሮዬን አጠፋው፤ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የሚበላውን እወቁ። ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርት ይወዳል። ደቡብ ላይ እንሰት ተካዮች የሚያማርሩት ሥሩን ከመሬት በታች ስለሚበላው ነው፤ ተክሉ ከላይ ደህና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን ይወድቃል።

ቀጥሎ ቦይው በሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ቁልሉ ርጥብና ጥቁር ከሆነ አዲስ ነው። አጠገቡ ያለውን ቦይ በዶማ ክፈቱና ትታችሁ ሂዱ። ተመልሳችሁ ስታዩት በአፈር ተደፍኖ ካገኛችሁ ባለቤቱ አለ ማለት ነው። ፍልፈል የተከፈተ ቦይ አይወድም፤ ንፋስ፣ ብርሃንና እባብ ያስገባበታል፣ ስለዚህ ሊደፍን ይመጣል። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሚይዘው ይህን ጠባዩን ተጠቅሞ ነው፦ ከፍቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ቆሞ፣ አፈሩ መነቅነቅ ሲጀምር ከኋላው ዶማ ሰንዝሮ መመለሻውን ይዘጋበታል። ጥላችሁ ቦይው ላይ እንዳያርፍ፣ እግራችሁም መሬቱን እንዳይመታ ተጠንቀቁ፤ ንዝረት ከሰማ ለረጅም ሰዓት አይመጣም።

መቆም የማይችል ወጥመድ ያደርጋል። የሽቦ ማነቆ ቦይው ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ ከተለመጠ ጠንካራ እንጨት ጋር ይታሰራል፣ ፍልፈሉ አፈር እየገፋ ሲመጣ መያዣውን ይነካል፣ እንጨቱም ይፈናጠራል። ቀላልና ርካሽ ነው፣ ጎረቤት ካለ አንድ ቀን አብራችሁ ውላችሁ ተማሩት።

ከያዛችሁት በኋላ የሚረሳ ነገር አለ፦ ቦይውን አፍርሱት። ባዶ ቦይ ከእናቱ የተለየ ወጣት ፍልፈል ሲያገኘው ተሠርቶ የቆየው ቤት ነው፣ ወዲያው ይገባበታል። ችግኝ የምትተክሉ ደግሞ ጉድጓዱን በጠባብ ሽቦ ወንፊት ሸፍናችሁ ብትተክሉ ብዙ ድካም ይቀርላችኋል። ውኃ መሙላት ይሞከራል፤ ቦይው ረጅም ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ውኃችሁ ነው።

የአይጥ መርዝስ?

አልመክርም። በመርዝ የሞተ ፍልፈል ቦይው ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ውሻ ይቆፍረዋል፣ ድመት ይበላዋል፣ ጉጉት ይወስደዋል። ጉጉቷ ስትሞት ደግሞ ነገ አይጡን ሁሉ ለብቻችሁ ልትይዙት ነው። ሕፃን ባለበት ጓሮማ ጨርሶ አይታሰብም። ባሌ ፓርክ ውስጥና አካባቢው ከሆነ መርዙ የሚደርሰው ቀይ ቀበሮው ጋ ነው።

ጥቅም አለው ወይስ ተባይ ብቻ ነው?

ድንች ላይ ተባይ ነው፣ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ከእርሻ ውጭ ግን አፈር ይገለብጣል፣ ውኃ ወደ ውስጥ ያሰርጋል፣ የደረቀ ሳር ወደ ታች ወስዶ መሬቱን ያዳብራል። ሳነቴ ላይ የፍልፈል አፈር ያለበት ቦታ የሚያበቅለው ከአጠገቡ ካለው የተለየ ነው። እዚያ ለፍልፈሉ አስጊ የሆነው የከብቱ መብዛት ነው፤ ሳሩ ሲያልቅ የሚበላው ያጣል።

ይነክሳል?

ከያዛችሁት አዎ፣ በደንብ። በባዶ እጅ አትንኩት። ከነከሳችሁ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ራሱ ፈልጎ ግን ሰው ላይ አይመጣም።

ጀርመንና አሜሪካ ግቢያችን ውስጥ የሚቆልለውም ፍልፈል ነው?

ሥራው ይመሳሰላል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው። የአውሮፓው ነፍሳት በል ነው፣ አይጥ አይደለም፤ ድንችና ካሮት አይበላም፣ የሚፈልገው የምድር ትል ነው። የፊት እግሩ እንደ አካፋ ሰፊ ሲሆን የሚቆፍረውም በእሱ ነው። ትሏን ጭንቅላቷ ላይ ነክሶ ያደነዝዛታል፣ በሕይወቷ ጓዳው ውስጥ ያከማቻታል። አፍሪካ ውስጥ ይህ ዘር የለም። ጀርመን የምትኖሩ ደግሞ አስቡበት፤ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መግደል ያስቀጣል።

አሜሪካ ሁለቱም ዓይነት አለ። ቁልሉ ክብ ከሆነና ሣሩ ላይ ከፍ ያለ መስመር ካያችሁ ትል በሉ ነው። ቁልሉ ወደ አንድ ጎን የተዘረጋ፣ ቀዳዳውም ከጫፍ የተደፈነ ከሆነ ጎፈር የሚባለው የአይጥ ወገን ነው፤ በጠባዩ ለእኛው ፍልፈል የሚቀርበው እሱ ነው፣ ካሮታችሁንም ይበላል። እስራኤል ሜዳ ላይ የምታዩት ቁልል ደግሞ ከላይ ያነሳነው የዕውሩ ፍልፈል ነው፣ እሱ እውነተኛ ዘመድ ነው።

ግዙፉን ፍልፈል የት ሄጄ ልየው?

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል፤ 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱም እዚያው ነው። ማለዳ አትቸኩሉ፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ይሻላል። መኪናውን አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ርጥብ አፈር ያለበትን ቀዳዳ ምረጡ፣ ከተቻለ ያቺ ቡናማ ወፍ የቆመችበትን። ካሜራ ያላችሁ ቀዳዳው ላይ አነጣጥራችሁ ጠብቁ፤ ከወጣ በኋላ ልትዘጋጁ ብትሉ አትደርሱበትም።

ቀበሮ ካጋጠማችሁ ከመኪና አትውረዱ፣ ምግብም አትጣሉለት። ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባትማ ፈጽሞ አይሆንም፦ በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 (በፈረንጆች) ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ክፉኛ ጨርሷቸዋል።